ለሩጄሮ የቀረበው ሳህን

ሊስቤት ከዴንማርክ ወደዚያች የአድሪያቲክ ዳርቻ ከተማ የመጣችው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ልትስል፣ ለሦስት ወር ብላ ነበር። ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥዕሉስ ሰበብ ነው፤ ያስቀራት የሰዉ ነገረኛነት ነው ቢሏት አትክድም። እዚያ ቡና በወተት የጠዋት ብቻ ነውና፣ ከምሳ በኋላ ስታዝ የቡና ቤቱ ባለቤት እንደ በሽተኛ ያያታል። ጸጉሯ ሳይደርቅ ከወጣች ደግሞ መንገዱ ሁሉ እናት ይሆንባታል፤ ብርድ ሳይመታሽ ግቢ ይሏታል። ዓሣ ሻጮቹ መጀመሪያ ሰሞን የትናንቱን እየሸጡላት ይሳሳቁባት ነበር። የዓሣውን ዓይን እያየች መግዛት ስትለምድ ግን እነሱም ሳቁን ትተው የሰፈር ሰው አደረጓት።

የተከራየችው ዶና ኢማኮላታ ቤት፣ ፎቁ ላይ ነው። ዶና ኢማኮላታ ባሏ ሳቢኖ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ያላወለቀች፣ ምላሷ የሚለበልብ፣ እጇ ግን የማይሰስት ባልቴት ናት። ሊስቤት ስታመሽ እራቷን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣላት ትተኛለች፤ ሲነጋ ደግሞ እንደ ድመት ስትዞሪ ከስተሽ ልታልቂ ነው እያለች ታምባርቅባታለች።

በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ የለም። ልጇ ሩጄሮ ከነጀልባው ባሕር ላይ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሬሳው አልተገኘም። ቄሱ ፍትሐት እናድርግለት ቢሏት፣ መጀመሪያ ልጄን አምጡልኝና ከዚያ ፍቱት ብላ ከደጇ መልሳቸዋለች። ሸሚዞቹን ዛሬም በየሳምንቱ ትተኩሳለች። ቁርጡን ያላወቀች እናት ምን እንቅልፍ አላት? በሩ ኳ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች።

በሙታን መታሰቢያ ዋዜማ ሊስቤት ወደቡ ላይ ስትስል ዝናብ ወረደባትና ወደ ማታ በስብሳ፣ በረሃብ ሆዷ ተጣብቆ ገባች። በሩ አልተቆለፈም። ቤት ውስጥ ሰው የለም። ገበታው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ መብራት በርቶ፣ ሁለት ሳህን ቀርቧል፤ አንዱ ምድጃው አጠገብ፣ አንዱ በሩ በኩል። በሳህኖቹ ላይ የስንዴ ንፍሮ አለ፤ የሮማን ፍሬ ተደባልቆበት፣ ፈልቶ እንደ ማር የወፈረ የወይን ጭማቂ ፈሶበታል።

አንዱ የኔ፣ አንዱ የእሷ፣ አለች በልቧ። ምድጃው አጠገብ እንደ ልማዷ ተቀመጠችና ጥርግ አድርጋ በላች። በበሩ በኩል ያለውን አልነካችውም። የሰው እራት መንካት ነውር ነው፤ ያውም የዶና ኢማኮላታን።

ፎቅ ወጥታ ጋደም ባለች ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና ይደወል ነበር። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል ማንኪያ ሳህን ሲነካ ከታች ሰማች። ዝግ ያለ አበላል ነው፤ በጣም የደከመው ሰው አበላል። ቀጥሎ ባሕር ውስጥ የቆየ ገመድ ሽታ በደረጃው ወጣ። ልብሴ ነው የሚሸተው፣ ዶናም ተመለሰች ማለት ነው ብላ ብርድ ልብሷን ተከናነበች።

በማግስቱ ጠዋት ከዳቦ ቤት ስትመለስ ጎረቤቲቱ ፍሎራ ክንዷን ያዘቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሰማሽ አይደል? ሩጄሮ ትናንት ማታ እቤቱ በላ።"

ሊስቤት አልገባትም፤ ያለፈው ዓመት ዋዜማ አገሯ ሄዳ ነበር። ፍሎራ ግንቡን ተደግፋ አስረዳቻት። በዋዜማው ማታ ለቤቱ ሙታን ገበታ ይቀርባል፣ በር ሳይቆለፍ ይተዋል፣ ቤተሰቡም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ዶና ኢማኮላታ እስከ ዛሬ የምታቀርበው ለሳቢኖ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ለሩጄሮም አቀረበች፤ ከቀመሰ ሞቷል፣ ካልቀመሰ በሕይወት አለ፣ አንዱን ልወቅና ልረፍ ብላ። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር።

"ባዶውን ሳህን አሳየችኝ እንጂ እንባ እንኳ የላት። ቄሱን ልጠራ መሄዴ ነው" አለች ፍሎራ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች።

ሊስቤት ደጃፉ ላይ ቆም አለች። በሆዷ ምክንያት አንድ ሰው ሞተ ተባለ! ዝም ብትልስ? አሮጊቷ ቁርጧን አውቃ፣ አልቅሳ፣ ታርፍ ነበር። ሆኖም በሕይወት ሊኖር የሚችልን ሰው በዝምታ መቅበር አልሆነላትም። የመጣው ይምጣ ብላ ገባች።

ገበታው ተነስቷል። ዶና ኢማኮላታ የሩጄሮን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ዶና ኢማኮላታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ንፍሮውን የበላሁት እኔ ነኝ። እንደ ወትሮው ያስቀመጡልኝ መስሎኝ ነው። ሩጄሮ አልመጣም።"

አሮጊቷ አልተቆጣችም። እንዲያውም ፊቷ ላይ ተስፋ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ።

"ሁለቱንም በላሽ?"

"ኧረ አንዱን ብቻ ነው። ምድጃው አጠገብ ያለውን።"

"እሱ የሳቢኖ ነው።" ዶና ኢማኮላታ ሸሚዙን ጨበጥ አደረገች። "የበሩስ?"

"የበሩን አልነካሁም። እርስዎ አይደሉ እንዴ የበሉት? ሲበሉ ሰምቼዎታለሁ እኮ፣ ደወሉ ሳያበቃ።"

"እኔ እስክቆርብ ድረስ ውሃም አልቀምስ ልጄ። ደወሉ እስኪያበቃም ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሁም።"

 ያ ዝግ ያለ ማንኪያ በሊስቤት ጆሮ ውስጥ ጮኸ። በበሩ በኩል ወዳለው ወንበር መዞር ፈራች። ተስፋ ልትመልስላት መጥታ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት፤ ቃሏን መልሳ መዋጥ ብትችል በዋጠችው።

"ሁለቱም ሳህን ባዶ ሆኖ ሳገኝ፣ ያቺ ሆዳም ናት፣ ከእሷ በቀር ማን ይሆናል አልኩ" አለች ዶና ኢማኮላታ። "ሌሊቱን ሙሉ ማርያምን ስማጸን ያደርኩት ምነው ያቺ ሆዳም በበላችው እያልኩ ነው። አንቺ በሆንሽልኝ፣ ልጄ። አንቺ በሆንሽልኝ።"

ሸሚዙን ፊቷ ላይ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ እሪ አለች። በመንገዱ ማዶ መስኮቶች ተከፈቱ። ጥቂት ቆይቶ የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ሻሻቸውን እያሰሩ አንድ በአንድ ገቡ።