ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ውሃ

ሊበንን ሰዓት ሠሪ ለሚሉት ሁሉ አንድ ነገር ልንገራቸው። ሰውዬው ሠዓሊ ነው፤ ሰዓቱ ለእንጀራው ነው። እኔ ሽታዬ ከሱ የሸራ ጥላ ሥር የምስር ሳምቡሳ እየጠበስኩ ስንት ዘመን ተቀምጫለሁ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? የሰው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተበታትኖ፣ እሱ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ባሰራት የፍየል ፀጉር የሰዓቱ ፊት ላይ አበባ ይሥላል። ባለቤቱ ሲመጣ የሚጮኸው ግን እኔ ላይ! «አንተ ሊበን፣ ሰው አታስቀይም» ስለው፣ «ሽታዬ፣ ዘይትሽ አረረ» ይለኛል። እንዲህ እየተነታረክን ነበር ቀፊራ ገበያ መግቢያ ላይ የደርግን ዘመን የምንገፋው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኻድራ መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ካልኩሌተር የሚያህል ነገር ከሻርፕዋ ሥር አውጥታ ሊበን ፊት አስቀመጠች።

«ወንድሜ ሰማታር ከጅቡቲ ለልጄ ለፋርቱን ያመጣላት ነው። ኮምፒውተር ነው ይላል። ከፊናንስ ፖሊስ ደብቆ በካልሲው ነው ያስገባው» አለች።

ሊበን አገላበጠው። መሀሉ ላይ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ጀርባ በቀለም የታተመ ሰማያዊ ባሕር። ቁልፉን ሲጫን ጥቃቅን ጥቁር ሰዎች ከላይ ይወድቃሉ፤ ታች አንዱ ጀልባ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ እየሮጠ ይቀልባቸዋል። ካመለጠው ጥቁር ዓሣ ብቅ ብሎ ይውጣቸዋል። ሦስቴ ካመለጠው ጨዋታው ያልቃል።

«ውሃውን አጥፋልኝ» አለች ኻድራ።

ዘይቴን ትቼ ተነሣሁ። ሊበንም እኔም ለምን እንዲህ እንዳለች አልጠየቅናትም፤ እናውቃለን።

ባሏ ሃሺ ጋሪ ነጂ ነበር። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ነው ሲሉት ይስቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይጥል ተራራው ላይ የዘነበው ድንገት እያጓራ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ሃሺን ከነጋሪው መሀል አሸዋው ላይ አገኘው። ፈረሱ ወጣ። እሱን ግን ስንት ሰው አሸዋ ሲቆፍር ሰንብቶ አጣው፤ ሬሳው ሳይገኝ ሰላት ሰገዱበት። የኔን ልብ የሚበላኝ ይሄ ነው፤ ሰው እንዴት መቃብር እንኳ ያጣል?

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ በፋርቱን ፊት ደቻቱ የሚል የለም። ማንም አላዘዘንም፤ ሐዘን ቤት ውስጥ ሟቹን የገደለውን ነገር ስም አንጠራም፣ ልማዳችን ነው። እኛ ደግሞ አበዛነው። እኔ በበኩሌ «ውሃ ጠማኝ» ማለት እንኳ ትቼ «እስቲ ያንን ኩባያ» እል ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጅም ስለ አባቷ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

«ቀኑን ሙሉ ይሄን ይዛ ታለቅሳለች» አለች ኻድራ። «ብቀማት እህል አልቀምስ አለች። ብሰጣት ታለቅሳለች። ሊበን፣ ወላሂ ልጄ ከእጄ ልትወጣ ነው።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለ ሊበን።

ሥራውን ስታዩት! በትንሿ ካቻቢቴ ጀርባውን ፈታ። ባሕሩ የታተመባትን ስስ ወረቀት አወጣና በልኳ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ቆረጠ። ብርማው ብርሃኑን ካልመለሰ ሰዎቹ አይታዩም አለኝ። በላዩ ላይ የማንጎ እርሻ ሣለ፤ ሣር፣ ዛፍ፣ ቢጫ ፍሬ። ዓሣው ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጥላ አደረገ። ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይማ! ዓሣው አለ፣ ግን የለም። ጀልባዋንም በጥላው ዋጣት።

«ሊበን፣ እጅህ ይባረክ፤ ገነት ነው'ኮ!» አልኩት። የምር ነው ያልኩት።

ፋርቱን ያን ቀን አላለቀሰችም። ትንሽ ነካካችው፣ አስቀመጠችው፣ በቃ። ኻድራ በግድግዳው ማዶ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሰማሁ፤ እኔም በስመ አብ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሲነጋ ግን ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ቁርስም ምሳም አልቀመሰችም። እናቷ ብትለምናት፣ እኔ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ራሷ ተነሥታ ያንን ነገር ይዛ እኛ ዘንድ መጣች፤ እናቷ ከኋላ ከኋላ። ሊበን ፊት ቆመች።

«ጋሽ ሊበን፣ ውሃውን የት ወሰድከው?»

ሊበን ወደ ኻድራ አየ፤ ኻድራ ወደ መሬት።

«ሣሩ አያምርም እንዴ?» አላት።

«አቦ ውሃው ውስጥ ነበር'ኮ።» በሶማሊኛ አባቷን አቦ ነው የምትለው። «እያወጣሁት ነበር። ሲያመልጠኝ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አወጣዋለሁ። አሁን ሣር ላይ ነው የሚወድቁት። ሣር ላይ የወደቀ አይሰምጥም። ማንን ላውጣ?»

እመቤቴን! እኛ ትልልቆቹ ተሰብስበን ለልጅቷ ብለን አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ነጥቀናታል። ኻድራ እዚያው የኔ መቀመጫ ዱካ ላይ ዘፍ አለች። ሊበን መነጽሩን አውልቆ ያለ ነገሩ ይጠርገው ጀመር።

«የድሮው ባሕር ይኸው አለ፤ አልጣልኩትም። ልመልሰው?» አላት።

ፋርቱን አሰበች። «እሱ የፈረንጅ ነው። አቦ አያውቀውም። ደቻቱን ሥራልኝ።»

ስሙን ጠራችው። እኛ የፈራነውን ስም እንደ ስኳር ነው የጠራችው።

«ደቻቱ ላይ ጀልባ የለም» አለ ሊበን።

«ለዚህ ነው'ኮ አቦ የሄደው» አለችው።

ሊበን ሌላ ብርማ ወረቀት ቆርጦ ብሩሹን ነከረ። ውሃውን ሰማያዊ ሊያደርገው ሲል ያስቆመችው ኻድራ ናት።

«ሰማያዊ አልነበረም» አለች ከዱካው ላይ። «ቀይ ነበር። ጭቃ። ዓሣ ደቻቱ ውስጥ የለም፤ ድንጋይ አድርገው። ድንጋይ ይንከባለል ነበር፣ ግንድም ነበረ።» ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ዳርቻው በዚህ ነው። የኛ በር እዚህ ጋ፣ አረንጓዴ። እኔ እዚህ ቆሜ ነበር።» ጣቷ ወረቀቱ ላይ ቀረ። «ሻርፔን ወረወርኩለት። ጫፉን ይዞት ነበር፣ ሊበን። ይዞት ነበር። አጥብቄ አልያዝኩትም መሰለኝ፤ አመለጠኝ።»

እስከዚያ ቀን ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ለኔ እንኳ! ግድግዳ ለግድግዳ ኖረን። ፋርቱን እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

ሊበን ሁሉንም እንደ ነገረችው ሣለው። ቀዩን ውሃ፣ ዳርቻውን፣ አረንጓዴውን በር። ዓሣው ብቅ የሚልበት ላይ ጥቁር ድንጋይ አደረገ፤ ጥቁሯን ጀልባ ግን ውሃው ላይ ግልጽ አድርጎ ተዋት። ገጥሞ ዘግቶ ሰጣት። ፋርቱን አጠገቤ ተቀምጣ ጀመረች። አንዱን ቀለበች፣ ሌላውን ቀለበች፣ አንዱ አመለጣትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኻድራ አልነጠቀቻትም። እያለቀሰች ስትጫወት ሳምቡሳ በእጇ አኖርኩላት፤ ሳታየው በላችው። ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ሌላም ደገምኳት፣ እሷንም በላች።

ከዚያ ኻድራ እጇን ዘረጋች። «እስቲ ስጪኝ።»

ያንን ነገር ለጨዋታ ነክታው አታውቅም። የመጀመሪያው ሰው ወደቀ፣ አመለጣት። «በግራ፣ ሆዮ፣ በግራ!» ትላለች ልጅቷ፤ እናቷን ሆዮ ነው የምትላት። ሁለተኛውም አመለጣት። ሊበን ሥራውን ትቶ ቆሟል፤ እኔ ዘይቴ ይረር ብዬ ትቼዋለሁ። ሦስተኛው ከላይ ወረደ። ኻድራ ጀልባዋን እስከ ዳርቻው፣ እስከ አረንጓዴው በር ድረስ አሮጠቻት። አልደረሰችም። መሣሪያው ጢጥ ብሎ ቆመ።

ኻድራ አጎንብሳ ቀረች። ከክረምቱ ጀምሮ የያዘችው ለቅሶ ወጣ። ገበያተኛው ቆሞ አየ፣ ጋሪዎቹ ቆሙ፤ እኔም «ምን ታፈጣላችሁ፣ ሂዱ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ እኔ ራሴ እያለቀስኩ።

ፋርቱን መሣሪያውን ከእናቷ ጭን ላይ አነሣችው። በእናቷ ሻርፕ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት፤ ልክ ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብላ።

«እኔንም ብዙ ጊዜ አምልጦኛል፣ ሆዮ» አለቻት። «ያንቺ ጥፋት አይደለም። ውሃው ነው የሚፈጥነው።»