በአማትና በአማች መካከል

ክላሪ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዞረው። ከኋላ የተቀመጠችው ማቪስ አማቱ ናት፤ በዚህ በአውስትራሊያ መሃል በተዘረጋው በረሃ፣ በነባሮቹ ሰዎች ዘንድ፣ አማትና አማች አይተያዩም፣ ቃልም አይለዋወጡም። የመከባበራቸው ወግ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ቃል የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ሥራው የክላሪ ሚስት ነበር፤ እርሷ አራስ ስለሆነች ግን በእኔ ላይ ወደቀ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ድንጋይ ሲያጠና በዚህ ሕዝብ መካከል በሸበተው ጂኦሎጂስት ላይ።

ጉዳዩ ቀጠሮ የሚሰጥ አልነበረም። የማቪስ ኩላሊቶች ደክመዋል። በማግስቱ ጧት ትንሿ አውሮፕላን ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ከተማ ትወስዳታለች፤ እዚያ ደሟ በሳምንት ሦስት ጊዜ በማሽን ይታጠባል፣ ከማሽኑ ርቆ መሰንበትም የለም። ከመሄዷ በፊት አጠገቡ የተወለደችበትን በዓለት ውስጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ ልታይ፣ የሞላውን አሸዋ ጠርጋ ውኃውን ልትከፍተው ፈለገች። ቦታውን ከሚያውቁት ሁሉ በሕይወት የቀረችው እርሷ ብቻ ናት።

ቀያዮቹ የአሸዋ ኮረብታዎች ጎን ለጎን ተጋድመው አድማሱን ይሻገራሉ፤ በየመካከላቸው ባለው ረባዳ እሾሃማው ሣር በጧት ብርሃን ነጭ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናውን አስቁሜ ለረጅም ሰዓት እመለከተው ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ጉልበቴ ላይ ከዘረጋሁት ካርታ አልተነሣም። በወጣትነቴ የሣልሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።

“አጎቴ፣” አለች ማቪስ። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በዝምድናው አቆጣጠር ግን አጎቷ አድርገውኛል። “ለዚያ ሰውዬ ንገረው። እነዚያ የተቃጠሉት ሦስት ዛፎች ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍ።”

በዛፎቹ ግራ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። በካርታዬ ላይ ግን የጥንት ማዕድን ፈላጊዎች ያወጡት መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደፊት፣ ወደዚያው አቅጣጫ ሲታጠፍ ይታያል።

“ማቪስ፣ መንገዱ ወደፊት ነው።”

“መንገድ ማን ጠየቀህ? ይታጠፍ በለው ነው ያልኩህ!”

ክላሪ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሥቶ እኔን ጠበቀ።

“ቀጥል፣” አልሁት።

ቀጠለ። ሦስቱ ዛፎች በመስኮቱ አለፉ። ማቪስ ዞራ በኋላ መስኮት እስኪጠፉ ድረስ ተመለከተቻቸው።

መንገዱስ እንደተባለው ነበረ፤ ነገር ግን አንድ የደረቀ የጨው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። በረዶ የሚመስለው ነጭ ቅርፊት ክብደታችንን አልቻለም፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጭቃ ጎማዎቹን ዋጣቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ቆፈርን፣ ቅርንጫፍ እየቆረጥን አነጠፍን፣ ገፋን። ማቪስ ጀርባዋን ሰጥታን ዳር ላይ ተቀምጣለች።

“ክላሪ፣ ስትናገር አልሰማህም?” አልሁት ላቤን እየጠረግሁ።

“እንዴት አልሰማም፣ አያቴ? ጆሮዬ ሥር አይደል የጮኸችው!” በዚያው አቆጣጠር አያቱ ነኝ፤ በአያት ላይ ማሾፍ ደግሞ ይፈቀዳል።

“ታዲያ ለምን አልታጠፍህም?”

“ለእኔ መች ተናገረች? ለአንተ ነው የነገረችህ። አንተ ደግሞ ቀጥል አልከኝ።” አካፋውን ጭቃው ላይ ሰካው። “የእሷን ቃል ከአፏ ተቀብዬ ብታጠፍ ኖሮ ሚስቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ቃል ማቀበል አላስተማረህም?”

መኪናው ወጥቶ ሦስቱ ዛፎች ጋ ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ በጭቃው ውስጥ ብዙ ናፍጣ ስላቃጠልንም የቀረው ቤት ከማድረስ አያልፍም። ጉድጓዱ ከቆምንበት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ክላሪ የናፍጣውን ነገር ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም ወደ ኋላ ዞርሁ፤ ማቪስ ግን በሩን ከፍታ እየወረደች ነበር።

አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ ክላሪ ሌላ ቀን ተመልሶ እንዲያገኘው፣ የጉድጓዱን መንገድ በጣቷ መሣል ጀመረች። ክላሪ አሥር እርምጃ ርቆ ጀርባውን ሰጣት።

“ንገረው። ከዛፎቹ ተነሥቶ አሥራ አንድ የአሸዋ ኮረብታ ይሻገር።”

“ከዛፎቹ ተነሥተህ አሥራ አንድ የአሸዋ ኮረብታ ተሻገር።”

“አሥራ አንድ፣” አለ ክላሪ።

“አሥራ አንድ ብሏል፣” አልኋት።

“ጉድጓዱ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነው። ድንጋዩን ከማንሣቱ በፊት ማንነቱን ጮክ ብሎ ይናገር። የማቪስ ልጅ ባል ነኝ ይበል፤ ውኃው እንግዳ አይወድም።”

ይህንንም አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ አቀበልሁ። ሦስታችንም ሁሉን እየሰማን ሁሉም ነገር በእኔ አፍ ዳግመኛ መነገር ነበረበት፤ ጧት ካበላሸሁ በኋላ አሁን ብታመን ምን ይጠቅማል እያልሁ በገዛ ራሴ ተንገበገብሁ።

ክላሪ ፊቱን ሳይመልስ፣ “የሚወጣውን አሸዋ በየት በኩል ልጣለው በላት።”

ጠየቅኋት። ጣቷ ሥዕሉ ላይ ቆመ። “በምሥራቅ። በምዕራብ ከጣለው የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።”

ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ መኪናው ውስጥ ገብታም ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት መለሰች። ክላሪ ያን ጊዜ ነው ሥዕሉ አጠገብ መጥቶ ቁጢጥ ያለው።

“ልትከፍተው መቼ ትመጣለህ?” አልሁት።

“ሐሙስ።”

“እኔም ልምጣ? ለመቆፈር እንኳ…”

ክላሪ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ኮረብታዎች በጣቱ መቍጠሩን አላቋረጠም።

“አጎቴ!” አለች ማቪስ ከመኪናው ውስጥ። “ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ አንተን ይዞ እንዳይመጣ።”

ክላሪ ሰምቷል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ይሣቅ ያልቅስ አላወቅሁም። ቢሆንም ነገርሁት።