ሰባት ሜትር ዘንግ

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አንድ ሰው ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር። ድመት መንገድ ልታቋርጥ ያሰበች ከመሰለው ከሩቅ ፍሬን ይይዝና ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪ ሁሉ እርስ በርሱ ይላተማል። "ኧረ ሰውዬ፣ ጥርሳችንን ልታረግፈው ነው!" ይሉታል። እሱ በመስታወቱ እያያቸው "ጥርስ ይተከላል" ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል።

ሚስቱ በሞተች በሰባተኛው ወር ጡረታው ደረሰ። ሁለቱ ነገር ሲደራረብበት ሰውየው ፈዘዘ። አንዲት ልጁ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው፤ ፋርማሲስት ነች፣ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። አንድ ቀን ስትመለስ ያቀረበችለት ቁርስ እንደተከደነ፣ እሱም ጠዋት በተወችው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው።

"አባዬ፣ እንዲህ ከሆነማ ሥራዬን ትቼ አጠገብህ ልዋል?" አለችው።

ይህ ነገር አስደነገጠው። በማግስቱ እሷ ከመውጣቷ በፊት ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የሚሄድበት ግን አልነበረውም። ሲንከራተት ዝናብ ያዘውና አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ተጠለለ። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ ነበረች።

ባለሱቋ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሱቁን ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት። "ግባ ጋሼ፣ ማየት አይከፈልበትም" አለችው።

ገብቶ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ዘንጎች አየ። "እስቲ አንድ ዓሣ ማጥመጃ ስጪኝ።"

"ለምን ዓይነት ዓሣ?"

"ለሚያስቸግረው።"

ሳቀች። "እንግዲያው ለካርፕ ነው።"

የዚያን ቀን ዝናቡ ካባራም በኋላ ቁጭ ብሎ ሲሰማት ዋለ። ካርፕ ሞኝ ዓሣ አይደለም አለችው። ምግቡን መጀመሪያ በከንፈሩ ይስባል፣ ካላማረው እንትፍ ይለዋል። ስለዚህ በቆሎው መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ መንጠቆው ባዶውን ሆኖ በቆሎው ከኋላው በአጭር ክር ይንጠለጠላል። ዓሣው በቆሎውን ሲስብ መንጠቆውም አብሮ ይገባል፣ ሊተፋው ሲል ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ወፍራም ክር አትግዛ፣ ያየዋል፤ በጣም ቀጭንም አትግዛ፣ ይበጥስብሃል። እርሳሱ ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ እንጂ ድንጋይ የወደቀ የሚያስመስል አይሁን። ከዚያ ክር መጠምጠሚያውን አንስታ ፊት ለፊቱ ያለችውን ጉጥ እያዞረች አሳየችው።

"ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ የሚያላላልህ ይህ ነው። ፍሬኑ ማለት ነው።"

"ምኑ?"

"ፍሬኑ።"

"በይ እንግዲህ እኛ ዘመድ ነን" አለ መጠምጠሚያውን ተቀብሎ እያገላበጠ። እሷ ነገሩ የገባት ስሙን ከነገራት በኋላ ነው። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ ይሄድ ነበር። የተማረውን ነገር ይዞ የሚቀር ሰው ነው። ዓሣውን የሚያወጣበት መረብ ቋጠሮ የሌለበት፣ ቅርፊት የማይልጥ እንዲሆን መርጦ ገዛ። ያወጣውን ዓሣ የሚያስተኛበት ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ገዛ። መንጠቆውን ይነቅላል፣ ዓሣውን ለአንድ አፍታ ያያል፣ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ሰኞ ሰኞ ሱቁ ይመጣና የያዘውን ለባለሱቋ ይነግራታል፤ ያመለጠው ሁልጊዜ ከተያዘው ይበልጣል።

በሦስተኛው ዓመት ማጠራቀሚያው ደለል ሞላውና በማሽን ይጠረግ ጀመር። የወጣውን ጭቃ ዳር ዳሩን ደፉት። ጥግ ጥጉን ደግሞ ቄጠማ ወረረው። ካርፖቹ ከቄጠማው ወዲያ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ጋሽ ፍሬን ሲወረውር ክሩ ቄጠማው ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረው።

"ከላይ አሻግሬ ቀስ አድርጌ የማስቀምጥበት ነገር ነው የሚያስፈልገኝ" አላት።

ባለሱቋ አስባ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ፣ ሲመዘዝ ሰባት ሜትር የሚደርስ የካርቦን ዘንግ አዘዘችለት። መጠምጠሚያ የለውም፤ ክሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል። ካርቦን ስለሆነ እንደ ላባ ነው የሚቀለው። ዓርብ ደረሰላት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሊወስደው መጣ።

እጁ ላይ ሲያየው ፊቱ በራ። ግን ጣቶቹ ዘመኑን ሁሉ መሪ ጨብጠው አብጠዋል፣ እጀታው እየተንሸራተተ አስቸገረው። "ቆይ" አለች ባለሱቋ። ጥቁር የጎማ ፕላስተር አውጥታ እጀታውን ከታች ጀምራ ክንድ ያህል ጠቀለለችለት። ስትጠቀልል ፕላስተሩ እጀታው ላይ የተለጠፈችውን አንዲት ትንሽ ቢጫ ምልክት ሸፈናት። መብረቅና የወደቀ ሰው የተሳለባት ምልክት ናት። አይታታለች። ብዙ ጊዜ ስላየቻት ግን ዓይኗ አልቆመባትም።

ረጅም ዘንግ ለሸጠችለት ሰው ሁሉ የምትለው ነገር ነበራት። "ሽቦ ያለበት ስትደርስ ሰብስበው፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ባይነካውም ይዘልልሃል።" አባቷም እንዲሁ ይል ነበር። የዚያን ቀን ግን አፏን ስትከፍት ዕቃ አመላላሹ ሁለት ካርቶን ተሸክሞ ገባና "ፈርሚልኝ፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል" አላት። ጋሽ ፍሬን ዘንጉን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ነው።

"ልሂድ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ።"

"በል ሂድ፣ ትልቁን ይዘህ ና!" አለችው፣ ብዕር እየፈለገች።

ቀትር ካለፈ በኋላ ነው የሆነው። ያየው ሰው አንድ ነው፤ ከማዶ የሚያጠምድ ጡረታ የወጣ ግንበኛ። ጋሽ ፍሬን ጠዋቱን ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ምንም ሳይዝ ቀረ። ቦታ ሊቀይር ተነሣ። ክሩን ፈትቶ እንደገና ማሰር ስለሰለቸው ዘንጉን ሳይሰበስብ፣ እንደተመዘዘ ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ያዘውና የተደፋው አፈር ላይ ወጣ። አፈሩ ሳይከመር በፊት በዚያ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሰው ራስ በላይ እጅግ ሩቅ ነበር። አሁን ክምሩ ላይ ለቆመ ሰው ሩቅ አልነበረም። ግንበኛው እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ሰውየው ወድቋል። እየሮጠ ውሃውን ዞሮ ሲደርስ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ አንድ ፖሊስ ወደ ሱቁ መጣ። ዘንጉን ማን እንደሸጠው፣ መቼ እንደሸጠው ጠየቃትና ጻፈ። "ድንገተኛ አደጋ ነው፣ እናት ዓለም፣ ለመዝገቡ ያህል ነው" አላት። ስለ ምልክቷ አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የፕላስተሩ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ፣ ያስቀመጠችበት ቦታ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል በቅጡ አልበላችም። ሌሊት ትባንናለች፣ ቀን ደንበኛ ሲያናግራት ከንፈሩን እያየች ቃሉ አይገባትም። ረጅሞቹን ዘንጎች በሙሉ ከግድግዳው አውርዳ መጋዘን አስገባች። ከዚያ በፊት ስለሸጠችላቸው ሰዎች አሰበችና ስልካቸውን የምታውቀውን እየደወለች፣ የማታውቀውን እያጠያየቀች ነገረቻቸው። አንዱ "ይህን ሠላሳ ጊዜ ነግረሽኛል እኮ" አላት። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

በአራተኛው ሳምንት ፋርማሲስቷ ልጁ መጣች። ትከሻዋ ላይ የአባቷ ቦርሳ፣ እጇ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ።

"ዕቃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ" አለች። "ለሰው ልሰጠው ነው። ከመስጠቴ በፊት ግን ምን ምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

አንድ በአንድ ከቦርሳው እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ባለሱቋ እያነሣች ነገረቻት። ይህ እርሳስ ነው። ይህ በቆሎው የሚታሰርበት ክር ነው።

"ይህ ፍራሽስ?"

"ለዓሣው ነው።"

"ለዓሣው?"

"መሬት ላይ እንዳይላላጥ። አርጥቦ ያስተኛዋል።"

"እሱ የገዛ አንሶላውን የሚቀይረው እኔ ስጮህበት ነው!" አለች ፋርማሲስቷ። ልትስቅ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። ከዚያ ጋዜጣውን ፈታች። ዘንጉ ነው። ጫፉ ከስሏል፣ የእጀታው ፕላስተር በአንድ ወገን ቀልጦ ተጨማዷል። "ፖሊሶቹ መለሱልኝ። እኔ የማልረዳው ይህንን ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ድመት ቢያይ የሚቆም ሰው ነው። ሽቦ እንደሚገድል ነግረሽው ነበር?"

ነግሬዋለሁ ብትላት የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ዕቃ አመላላሹ እንደሆነ የሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

"አልነገርኩትም" አለች ባለሱቋ። "ለሁሉም እናገራለሁ። ለእሱ አልነገርኩም።"

ፋርማሲስቷ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሌላም አለ።" ባለሱቋ ትንሽ ቢላ አንስታ የቀለጠውን ፕላስተር ከእጀታው ላይ መላጥ ጀመረች። ቢጫዋ ምልክት ብቅ አለች፤ ሙሉ ናት፣ አልተቃጠለችም። "ይህ ነበረው። እንዳይንሸራተትበት ብዬ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።"

ፋርማሲስቷ ምልክቷን በጣቷ ዳሰሰች። ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ እያሰማ አለፈ።

"እኔ በቀን መቶ ሰው አስተናግዳለሁ" አለች ፋርማሲስቷ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "ለመቶውም 'ከምግብ በኋላ፣ ከአልኮል ጋር እንዳይሆን' እላለሁ። ይሰለቸኛል። እነሱም ይሰለቻቸዋል። ቢሰለቸኝም እላለሁ። እሺ? እላለሁ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም!" ዕቃውን በሙሉ እዚያው ጥላ ወጣች።

ባለሱቋ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ያልተናገረችውን ተናገረች። መርማሪው ቃሏን ተቀብሎ፣ አለቃውን አማክሮ፣ በሕግ የሚያስጠይቅ አይደለም ብሎ አሰናበታት። ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሄደች፤ ሽቦው በትክክለኛው ከፍታ ነው የተዘረጋው አሏት። ደለሉን ያስደፋው ቢሮ ሄደች፤ ያ የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው አሏት። ማመልከቻ ጻፈች፣ ተመላለሰች። ከወራት በኋላ አንድ ማሽን መጥቶ ክምሩን ገፋው። ማን እንዳዘዘው የነገራት የለም።

ክምሩ በተነሣ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፋርማሲስቷ ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ከስታለች።

"ቦታውን አሳዪኝ። የሞተበትን አይደለም፣ እሱን ፖሊሶቹ አሳይተውኛል። የሚቀመጥበትን።"

አብረው ሄዱ። ባለሱቋ ከቄጠማው ጎን ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየቻት። ፋርማሲስቷ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ከቄጠማው ወዲያ አንድ ወፍራም ካርፕ ውሃውን ገልብጦ ገባ፤ ክቡ ሞገድ እየሰፋ እግሯ ሥር ደረሰ።

"ጓደኞቹስ የት ነው የሚቀመጡት?" ብላ ጠየቀች።

"የትኞቹ ጓደኞቹ?"

"አብረውት የሚያጠምዱት። አንድ ወሬኛ መምህር አለ፣ አንድ ምሳ የሚጋብዝ ነጋዴ አለ። ቅዳሜ ማታ ሲመጣ የእነሱን ነገር ሲያወራልኝ ነው የምናመሸው። ለቅሶ ላይ አንዳቸውም አልመጡም፤ እስከ ዛሬ እየረገምኳቸው ነው።"

"ብቻውን ነበር" አለች ባለሱቋ። "ሁልጊዜ ብቻውን ነበር። ሰኞ ሰኞ እኔ ጋ ይመጣል፣ ሌላ ሰው አልነበረውም።"

ፋርማሲስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሷን ሥራዋን እንዳትተው፣ እንዳትሰጋ ብሎ፣ ያ ዝምተኛ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎችን እየፈጠረ አጫውቷታል። ትከሻዋ ሲርገበገብ ባለሱቋ እጇን ልትዘረጋ አለችና መልሳ ያዘችው።

ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ፋርማሲስቷ ዓይኗን ጠራርጋ ተነሣች።

"ይቅር አልልሽም" አለች። "እንድታውቂው ነው። ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።"

"እሺ።"

"ግን ሰኞ የሚነግርሽን ነገር ንገሪኝ። ያመለጠውን፣ የያዘውን። እውነተኛውን።"

እስከ ዋናው መንገድ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ባለሱቋ እየሄደች አንድ በአንድ ነገረቻት። ስለ መጀመሪያው ዓሣ፣ ስለ ጠፋው መረብ፣ አንድ ቀን ካርፕ ጎትቶት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ስለገባው። ፋርማሲስቷ መሬት መሬት እያየች ሰማች፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። መንገዱ ጋ ሲደርሱ የመጣውን መኪና አስቆመች። አንድ ቦታ ብቻ ነበረው። ሳትሰናበታት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ባለሱቋ አቧራው ውስጥ ቆማ ቀጣዩን ጠበቀች።