የወላጅ ወንበር

«እኔን ከሰማኸኝ ልጅቷን ከዚያ ትምህርት ቤት አውጣት» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎችን እየሰበሰበች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ጥግ የተቀመጡት ጎረቤቶች ግን ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። «የደረሰች ልጅ አሸዋ ላይ ፊደል ስትጭር የምትውልበት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? እሺ፣ እናቷ እያለች ይሁን። አሁን ማን ሊመላለስላት ነው?»

የልጅቷ አባት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ሰው ሲገባ ይነሳል፣ ሲያጽናኑት አሜን ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። ከዚያ የተረፈ ጉልበት የለውም።

«እኔም አልሄድም» አለች ልጁ ከመስኮቱ ሥር፣ ወደ ማንም ሳትዞር።

ይቺ ቃል አንጀቱን በላችው።

ልጅቷ አፏን ከፈታች ጀምሮ ነገር አዋቂ ናት፤ ተረት አንዴ ከሰማች ከነለዛው ትደግመዋለች። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ፊደሎቹ ይምታቱባታል፤ አንዱን መስመር ሳትጨርስ ላብ ያጠምቃታል። የቀድሞ አስተማሪዋ ሰነፍ ብላ ከኋላ አስቀመጠቻት። እሱም «ትበርታ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል» ብሎ ነበር፤ ይህን ሲል የልጁን ፊት ማየት አልቻለም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የጀመረችውን ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ጥላ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረች። ጎረቤት ሲስቅባት «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሞኟ እኔ ነኝ» ትላለች። ዞራ ዞራ ማንበብ የሚቸግራቸውን ልጆች ለይቶ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት አገኘች። ልጆቹ ፊደሉን በአሸዋ ላይ በጣታቸው ይጽፉታል፣ ድምፁን እያወጡ በጭብጨባ ይከፋፍሉታል፤ ማንም ተነስተሽ አንብቢ አይባልም።

የምሥራቹን ያመጣች ዕለት እራት ላይ ቀና ብላ አየችው።

«አንተን በልጅነትህ ይዞ የሚያስጠናህ ሰው አልነበረም» አለችው። «ለእሷ ግን እኔ አለሁ።»

እንደማያነብ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሲመጣ ግን እሷ ናት እየሰፋች፣ ለራሷ እንደምታነብ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው። ለካ ስታውቅ ኖሯል።

በዚያው በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅቷ አዲሷ አስተማሪ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ተቀምጣ ጥቂት ካዘነች በኋላ የመጣችበትን ሌላ ጉዳይ ሳትሸሽግ ተናገረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ በየልጁ አጠገብ የወላጅ ወንበር አለ። በሳምንት አንድ ቀን ወላጅ መጥቶ አብሮ ይማራል። ቤት ውስጥ ይዞ የሚያስጠናው ከሌለ ልጁ የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል። የሚጠባበቁ ልጆችም ብዙ ናቸው። የሚቀመጥላት ሰው ካለ ቦታዋ የእሷ ነው።»

«ከሌለስ?» አለች የሟች እህት።

አስተማሪዋ ወደ ልጅቷ አየች።

«ወላጆቹ እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለ ሾፌሩ።

«ወረቀቱን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያዩ በግራ እጃቸው ይጽፋሉ። የልጃቸውን ጭንቀት እንዲቀምሱት ብለን ነው። አብዛኞቹ ተናደው እስክሪብቶውን ይወረውሩታል። ባለቤትዎ ስትስቅ ነበር የምትውለው። አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች። ‹ያየሁት ልጄን ብቻ አይደለም› አለችኝ። ሌላው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።»

ሚስቱ በየሳምንቱ ግራ እጇ ቀለም ነክቶት ትገባ ነበር። «ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ተቧቀስሽ?» ይላታል። «ከፊደል ጋር» ትለዋለች። ተሳስቀው ያልፉታል። አንዴ እንኳ ምነው ብሎ አልጠየቃትም፤ አሁን ይህ ከሞቷ እኩል ቆጨው።

«እሱማ የሥራ ሰው ነው» አለች የሟች እህት። «አውቶቡሱን ማን ይንዳለት?»

መውጫ ከፈተችለት። አዎ ቢል ማንም አይፈርድበትም። ልጁ ግን ከመስኮቱ ዞራ እያየችው ነበር።

«ፈረቃ ይቀየራል፣ እትዬ» አለ። ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞረ። ጎረቤቶቹ ይጠብቃሉ። «እኔ… ማንበብ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ እሷ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል?»

«መስታወቱ ፊት ሁሉም እኩል ነው» አለች አስተማሪዋ። «እርስዎ እንዲያውም ሳይነገርዎት ይገባዎታል።»

ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አፈረችብኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ስትመለስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ትራስ ይዛለች።

«ወንበሩ የልጅ ስለሆነ ያማል» አለችው ትራሱን እያቀበለችው። «እማዬ ይሄን አድርጋ ነበር የምትቀመጠው።»

የትራሱ መሃል እናቷ እንደተቀመጠችበት ጎድጉዷል።

«ወዲህ በለው፣ ላራግፈው» አለች የሟች እህት እጇን ዘርግታ።

«ተይው፣ እትዬ» አለ ሾፌሩ፣ ትራሱን ሳይጫነው ጭኑ ላይ እያስቀመጠ። «እንዳለ ይሁን።»