ምድር ያወጣችው ዕጣ

ዶኛ ፔርፔቱዋ ኦያርሱን፣ ዶን ክሪሶስቶሞ ባራኦና፣ መምህሬም የነበሩት ዶን ኢላሪዮ ኩዌቶ፤ አኃዝ በዕጣ የማውጣት ሙያችን ልክ የተበጀው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። በእነርሱ ዘመን የመርከቦቻችን ምስጢራዊ መልእክት የሚቈለፍባቸው አኃዞች ይወጡ የነበሩት ከሚሽከረከር በርሜል ነበር። ዶኛ ፔርፔቱዋ ዓይናቸውን በጥቁር ጨርቅ አስረው ኳሶቹን አንድ በአንድ ያወጡ ነበር። አንድ ቀን ረዳታቸው «ይሄ ቁጥር በዛ» ብላ አንዲት ኳስ ብትመልስ፣ የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ አቃጥለው ልጅቱን አሰናበቱ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የወጣ አይመለስም።

ዛሬ በርሜሉን የተካችው ምድር ናት። በወደብ ከተማችን በቫልፓራይሶ ምድር ዝም ብላ አታውቅም፤ እኛ ባንሰማት እንኳ በዩኒቨርሲቲያችን ምድር ቤት ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ይሰማታል። ከንዝረቷ ልክ የመጨረሻዎቹን፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቃቸው የማይችለውን ጥቃቅን አኃዞች ለቅመን፣ ምስጢር ለሚቈልፉም መድኃኒት ለሚፈትኑም እንሰጣለን። ይህን ሥራ ጡረታ ወጥቼም አልተውሁትም።

አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ዶሚቲላ ሻይ ስትቀዳ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ዶክተር ሊሳንድሮ ኬዛዳ ደረሰ። ሳንባቸው በማዕድን አቧራ ለደደረ ቆፋሪዎች የተዘጋጀ አዲስ መድኃኒት ሰኞ መፈተን ይጀምራል። በዝርዝሩ ላይ በመምጫ ተራው አንድ የወጣለት በሽተኛ አዲሱን መድኃኒት፣ ሁለት የወጣለት የቆየውን ይወስዳል። ዝርዝሩን አሽጌ የላክሁለት እኔ ነኝ፤ እርሱ ግን ከፍቶት መጣ።

«እንደምን ዋሉ ዶን ኤልያዶሮ። መሣሪያዎ ተበላሽቷል።»

«መጀመሪያ ተቀመጥ። ማኅተሙን ማን ፍታ አለህ?»

«ማጣራት አለብኝ ብዬ ነው። ይዩት እስቲ፤ ከራሱ ጀምሮ ሁለት ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሏል። ይሄ ዕጣ ነው? ቆፋሪዎቹ ምን ይሉኛል? ዶን ቤሊሳሪዮ እኮ ሰኞ በጠዋት ነው የሚመጡት።»

ከበሽተኞቹ አንዱ የሆኑት ዶን ቤሊሳሪዮ ከሊሳንድሮ አባት ጋር አንድ የማዕድን ጉድጓድ ይወርዱ የነበሩ፣ አባቱ ከሞቱም በኋላ እርሱን ያሳደጉ ሰው ናቸው።

«ታዲያ ምን ልታደርግ አሰብክ?»

«ትንሽ ባሰባጥረውስ? እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ።»

«ተማሪ ሳለህም ካርታ ስንጫወት እንዲሁ ነበርክ» አለች ዶሚቲላ፣ ዳቦውንና አቮካዶውን ወደ እርሱ እየገፋች።

ወረቀት ሰጠሁት። «በል፣ ከራስህ አውጥተህ አንድና ሁለት እያልክ ገጹን ሙላ። ምንም ሥርዓት እንዳይኖረው ተጠንቀቅ።» ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ባሕሩ ዞርኩ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለዶሚቲላ ሰጣት፤ እርስዋ እያንዳንዱን አኃዝ ከማንበቧ በፊት እኔ እገምት ጀመር።

«አንድ» አልኩ። አንድ ሆነ። «ሁለት» አልኩ። ሁለት ሆነ። አልፎ አልፎ ብስትም፣ ከሦስቱ ሁለቱን እያገኘሁ ከገጹ ግርጌ ደረስን።

«በመስኮቱ መስታወት እያዩ ነው» አለ ሊሳንድሮ።

«መስታወቱ ከተወለወለ ዓመቱ ነው። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ሽንፈትህን ዋጥ» አለችው እኅቴ።

«ልጄ፣ የማየው ፍርሃትህን ነው» አልኩት። «ሁለት ጊዜ አንድ ከጻፍክ ሦስተኛውን ትፈራለህ። ዕጣ ልታስመስለው ስለምትጥር ዕጣ አይሆንልህም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሆስፒታል ቢገባ፣ ቀጣዩን የገመተ ሐኪም የሚወደውን በሽተኛ ያስቀድማል። ከዚያ በኋላ ሰውየው የዳነው በመድኃኒቱ ይሁን በመመረጡ ማን ይለየዋል? የመልእክት ቁልፍ ቢሆንማ ጠላት ከቁርስ በፊት ይፈታዋል።»

ቀጥሎም ምድር ያወጣችውን ዝርዝር፣ ሊሳንድሮ ካላየው ከመካከሉ ጀምራ እንድታነብልን ዶሚቲላን ጠየቅኋት። እርሱም ገመተ፣ እኔም ገመትኩ። አንድ ቦታ ላይ አምስት ጊዜ አንድ ሲከታተል «አሁንስ ይቀየራል» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። አልተቀየረም። ዶሚቲላ ሳቀች። ሁለታችንም ግማሹን አገኘን፣ ግማሹን ሳትን፤ ሳንቲም የሚወረውር ሕፃንም ከዚህ አያንስም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ትምህርት በዚያ ገጽ ላይ አንዲት የሚጨብጣት ነገር አጣ።

ያን ጊዜ ስኒዎቹ ተንቃጨሉ፤ መብራቱም ከጣራው ላይ ተወዛወዘ። ማንም አልተነሣም። ዶሚቲላ የማንቈርቈሪያውን ክዳን በጣቷ ያዘች፤ ሊሳንድሮ ስኒውን ከፍ አደረገ። ከባሕሩ ሥር ዓለት በዓለት ላይ ሲንሸራተት የተፈታው ያ ሁሉ ኃይል፣ ገበታችን ዘንድ ሲደርስ በስኒ ውስጥ የምትታይ ትንሽ ሞገድ ሆነ። በዚያችው ቅጽበት ከኮረብታው ማዶ መለኪያው፣ ከፍጥረት ጀምሮ ማንም ያላያቸውን አኃዞች እያወጣ ነበር። የምትወደው የሌላት፣ የምትፈራው የሌላት፣ ዘጠኝ በዛ ብላ የማታፍር ምድር ናት። እኔ የተነሣሁት መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ፈርቼ ሳይሆን፣ ታላቅ ሰው ሲያልፍ እንደሚነሡት።

ሊሳንድሮ ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ይህን ዝርዝር ያቃጥሉት፣ ዶን ኤልያዶሮ።»

«ዘጠኙ አሁንም አስጠሉህ?»

«ዘጠኙስ ምንም አልነበረባቸውም። ያበላሸሁት ስላየሁት ነው። ስከፍተው ዶን ቤሊሳሪዮን ነበር የፈለግሁት። ምድር አሁን ያወጣችውን አሽገው ለሌላ ሰው ይስጡ፤ እኔ አላየውም፤ እርሳቸውም የደረሳቸውን ይወስዳሉ።» አንገቱን ደፋ። «መሣሪያዎ ደኅና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»