ለእረፍት የቆየ መርዶ

ጠዋት እኔ ሻይ አፈላለሁ፤ ባለቤቴ ብርሃነመስቀል በረንዳ ላይ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ይለካል። ከአገር ወጥተን በምንኖርበት ከተማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በኮሎሎ መንገድ፣ የውሃ ቦቴዎች አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። የዚያን ቀን ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገረኝ።

«መቶ አሥራ ስምንት! ለቅዳሜው ሠርግ ኬክ ተፈቀደልኝ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ከቁርስ በኋላ ለክትትል ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ጋትኩዋት የዚሁ አገር ሰው ቢሆንም ጋምቤላ ስላደገ የሚያነጋግረን በአማርኛ ነው። ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ነገርኩት።

«አሳበቀችብኝ!» ብሎ ሳቀ።

«ስኳርዎ ደህና ነው» አለ ዶክተሩ። «ግን ስኳር ካለባቸው ሰዎች የአንዳንዶቹን ልብ ቶሎ የሚጎዳ፣ በዘር የሚመጣ ነገር አለ። ከወንድም ከእህት በልብ ሕመም በድንገት የሞተ አለ?»

«ማንም የለም። ታላቅ ወንድሜም ስኳር አለበት። ደሴ ነው፤ ሰሞኑን ስልኩ አልገባ አለኝ እንጂ እኔን የሚቀብር ጎበዝ ነው።»

«ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ ለልብ ምርመራ ናይሮቢ እልክዎ ነበር። እንግዲያው ለእረፍት አዲስ አበባ ሲገቡ ይታዩ።»

እረፍቱ ሳይደርስ፣ ሥራ ቦታው ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ። አልተነሣም።

አስከሬኑን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ለቅሶው ላይ የአጎቱ ልጅ ቅዱስ አጠገቤ ተቀመጠ። የባለቤቴ የደሴው ወንድም ከወራት በፊት፣ ገና ክሊኒክ ሳንሄድ፣ በልብ ሕመም መሞቱን የሰማሁት ያኔ ነው።

«ስኳር አለበት፣ ደንግጦ እንዳይጎዳብን ብለን ነው፣ ሒሩትዬ። ለእረፍት ሲመጣ ሰብሰብ ብለን ልናረዳው ነበር።»

አልጮህኩም። ውሃ ጠየቅሁ።

«ለማናህሎሽስ?» አልኩት። ናይሮቢ የምትሠራው ታናሽ እህታቸው ናት፤ እሷም ስኳር አለባት።

«ለሷማ አሁን አይነገራትም። ብቻዋን ናት። ቆይተን ሰው እንልካለን።»

ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። የደሴውን ወንድሟን ሞት ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ስለ ባለቤቴ፣ «ጋሼስ እንዴት ቻለው?» አለችኝ።

ሁለተኛውንም ነገርኳት።

«አሁን ልብሽን ትታያለሽ» አልኳት። «ሐኪሙ ሲጠይቅሽ፣ ሁለት ወንድሞቼ በልብ ሞተዋል በይው።»

ተመረመረች። የልቧ የደም ሥር ጠቦ ተገኘ፤ ሕክምና ጀመረች። ቅዱስ እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው።

ወደ ኮሎሎው ቤታችን ተመልሻለሁ፤ ጠዋት አሁንም ሻይ አፈላለሁ። የስኳር መለኪያው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አለ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚነግረኝ የለም።