ስልክ ቁጥሩ አልገባም

ደግሞ ቀላች፣ ፊደል የምትቆጥረዋ ቁጥር ቀይ ሆና ሞልቷል ትለኛለች፣ ምኑ ሞላ፣ የት እንደጠፋ እንኳ ገና አልጻፍኩም፣ አባዬ ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ በነጠላ ጫማ ነው የወጣው፣ ወንድሜ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ እኔ ስልክ ላይ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ይዤ ከፊደል ጋር ግብግብ። አጎቴ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ ያነባል፣ «የተከበሩ» በይ እንጂ፣ ስንቱን ያስተማረ ሰው እንደ ዶሮ «ጠፍቷል» ይባላል? እሺ፣ የተከበሩ፣ አንጋፋው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የብዙዎች አባት፣ ኧረ ጋሼ፣ ይሄ የሽኝት ንግግር ነው ወይስ ፍለጋ? ሰው እኮ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎት ነው የሚያልፈው። ክብሩን ሁሉ ጠቅጥቄ ጠቅጥቄ ስልክ ቁጥራችን አልገባ አለ፣ ቢያገኙትስ ለማን ሊደውሉ ነው፣ ላስተማራቸው?

ልቁረጠው። «አንጋፋው» ሂድ። «የብዙዎች አባት» ሂድ፣ አሁን የጠፋው የእኔ አባት ነው። አጎቴ ተቆጥቶ ወጣ፣ ይውጣ፣ እግረ መንገዱን ይፈልገው። ረጅም፣ ግራጫ ሹራብ፣ ያነክሳል፣ ከገበያው ጀርባ፣ ስልክ፣ ገባ። እፎይ።

ግን ዋናዋ የለችም። «ይረሳል» የምትለዋ። እማዬ እሷን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ ጎረቤት ምን ይላል፣ አእምሮው ተነካ ሊሉት ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደህና ነው፣ ኧረ እማዬ፣ ደህና ከሆነ ለምን አይመለስም፣ በስሙ ቢጠሩት ዞር አይልም እኮ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያየው ሁሉ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ አንዲት ቃል ከልክላኝ አባቴ ውጭ ሊመሽበት ነው፣ አሁንስ አንገሸገሸኝ፣ እጽፋታለሁ፣ ትቆጣ።

መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን ሳታደርግ ስልኩን ታያለች፣ ቦታ ተርፎሻል ወይ ትለኛለች ቀስ ብላ። ተርፏል እማዬ፣ ትንሽ።

እንደሚረሳ ጻፊ። ቤቱን ረስቷል በይ።

እሺ።

ከገባልሽ ሚስቱንም በይ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እኔን እትዬ ነው የሚለኝ።